ጽና የማን ነው?

በጥምቀት ማግስት የሚደረገው የቃና ዘገሊላ ግልቢያ ካለፈ ከሁለት ቀን በኋላ፣ የባለቤቴን የፈረስ ግላስና ልጓም በማዳበሪያ ጠቅልዬ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሉማሜ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ግላሱ በቀይና በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ የኮርቻ ልብስ ነው፤ ለበዓል ካልሆነ አይወጣም። ረዳቱ «እማማ፣ ላይ ልጫንልዎ» ቢለኝ እምቢ አልኩና ጭኔ ላይ አስቀምጬው ሄድኩ።

ዕቃው ለዋርሳዬ፣ ለባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ባለቤቴ ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። የአርባቸው ዕለት ሰዉ በልቶ ከተበተነ በኋላ ዋርሳዬ ወደ ጋጣው አየና፣ «እትዬ፣ ፈረስ በሴት ቤት እንዴት ይሆናል? ማን ይጋልበዋል? እኔ ልውሰደው» አለኝ። በክፋት አልነበረም። እኔም ፈረስ ከወንድ ወደ ወንድ ሲተላለፍ እንጂ ከባል ወደ ሚስት ሲያልፍ አይቼ አላውቅም። ልጆቼም በስልክ «እማዬ፣ ስጪውና እረፊ» አሉኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ገብስ ማቅረብ፣ ውኃ መቅዳት፣ ጋጣ ማስጠረግ ሥራ ነው። «የጥምቀቱን ግልቢያ አንድ ጊዜ ይሩጥ፣ ከዚያ ትወስደዋለህ» አልኩት። ተስማማን። ያን ጊዜ ጥምቀት ሩቅ መስሎኝ ነበር።

ፈረሱ ዳማ፣ ቀላ ያለ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ስሙ ጽና ይባላል። ስሙን ያወጡለት ባለቤቴ ናቸው። በተወለደ ዕለት ዝናብ ነበር። እናቱ ወልዳው ብዙም ሳትቆይ ሞተች፤ እሱም ጭቃው ላይ ለመቆም እየሞከረ ይወድቅ ነበር። ባለቤቴ ጋቢያቸውን አልብሰውት ከአጠገቡ ቁጢጥ አሉና «ጽና! ጽና እንጂ!» ሲሉት ቆይተው፣ ሲመሽ በአራት እግሩ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልተፈለገለትም። በላም ወተት አሳደጉት።

በአገራችን ልማድ ፈረስ ያለው ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። ስለዚህ ባለቤቴ ከፈረሱ ጋር አብረው አዲስ ስም አገኙ፤ አባ ጽና ተባሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ «አባ ጽና እንዴት አደሩ?»፣ ገበያ ላይ «አባ ጽና፣ ገብስ እንዴት ዋለ?» ይባሉ ነበር። ወንድሞቻቸውም እንደዚያው ይጠሯቸው ጀመር። እኔ በዚያ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። አንቱ ነበር የምላቸው።

ሲሞቱ ፈረሱ ግላሱን ለብሶ በለቅሶው መሀል ተሳበ። ከዚያ በኋላ ቤቴ በለቀስተኛ ሞላ። የሚገባው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይለኛል፣ እኔም «አሜን» እላለሁ። ጋጣው ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ሰው ሁሉ «ያጽናሽ» ባለ ቁጥር ፈረሱ ስሙን የሰማ መስሎት አንገቱን በጋጣው አጥር ላይ ያወጣል፣ ጆሮውን ይቀስራል። የሚጠራው ሲያጣ ይመለሳል። ይህንን በመጀመሪያው ሳምንት ያስተዋለ ሰው አልነበረም። እኔ ነበርኩ የማየው። ለማንም አልተናገርኩም።

ግልቢያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ልጆች የሚሮጡት አጭሩ ነው። ሁለተኛው «ረጅሙ» ይባላል። ከወንዙ ማዶ ካለው መስክ ይነሳና በታጨደው ማሳ፣ በእርሻ ቦዩ፣ በድንጋይ ካቡ ላይ እየተዘለለ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ታቦቱ ከሚያርፍበት ሜዳ ሲደረስ ያበቃል። ፈጣን ፈረስ ብዙ ነው፤ ረጅሙን የሚጨርስ ግን ጥቂት ነው። ባለቤቴ «ፈረስን ሲነሳ አታመስግኑት፣ ዳገቱ ላይ ጠብቁት» ይሉ ነበር።

ዘንድሮ ጽናን የጋለበው የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር ነው። የሁለት ልጆች አባት ነው። ፈረስ መጋለብ የተማረው ከባለቤቴ ነው፤ ሲሞቱም ፈረሱን በለቅሶው መሀል የሳበው እሱ ነበር። በዓል ላይ ሰው መተራረብ ይወዳል። ገና ኮርቻው ላይ ሲወጣ፣

«ቤንዚን ሲጠፋ ፈረስ ትዝ አለህ?» አለው አንዱ።

«ጥሩምባውን አትርሳ! ቦዩ ላይ ስትደርስ ንፋ!» አለው ሌላው።

እሱም «አንተን ኋላ ወንበር ላይ ጭኜ ብሆን ኖሮ ተስፋ እቆርጥ ነበር፤ ዛሬ ቀሎኛል» ብሎ አሳቃቸው።

እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሜ ነበር። ከአማኑኤል በኩል የመጣ አንድ ጉራቻ፣ ጥቁር ፈረስ ነበር፤ ወጣት ነው፣ ያምራል። ገና ከመነሻው ጥሎ ሄደ። ቦዩንም ካቡንም ሲዘል ከሌሎቹ ርቆ ነበር። ጽና አራተኛ ወይም አምስተኛ ሆኖ ወንዙ ውስጥ ሲገባ አየሁት። አሥራ አምስት ዓመት ያለፈው ፈረስ ነው፤ ብዙም አልጠበቅሁም። ዳገቱን ሲጀምሩ ግን ጉራቻው ትንፋሽ አጠረው። ጽና በገባበት እርምጃ ወጣ፤ አልጨመረም አልቀነሰም። በመጀመሪያ አንድ ሰው ነው «ጽና!» ብሎ የጮኸው። ከዚያ ዳገቱ ሁሉ «ጽና! ጽና!» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከሜዳው በፊት አንድ የመጨረሻ ካብ አለ፤ እሱን ሲዘል ኮርቻው ወደ ጎን ሲንጋደድ፣ ጋላቢው የፈረሱን ጋማ አንቆ ሲይዝ አየሁ። እንደ ተንጋደደ አንደኛ ገባ። ሲወርድ «እማማ፣ የሆዱ ጠፍር ለቆ ነበር እኮ! ማርያም ናት ያወጣችኝ» አለኝ። ኮርቻውን ከፈረሱ ሆድ ጋር የሚያስረው ጠፍር አርጅቶ፣ ግማሹ ተበጥሶ ነበር።

ይህንን ጠፍርም ከግላሱና ከልጓሙ ጋር ጠቅልዬው ነበር የሄድኩት። ኮርቻውን ከፈረሱ ጋር ባጃጅ ነጂው ቅዳሜ ያመጣዋል ተብሎ ነበር።

ሉማሜ ስደርስ ዋርሳዬ ገና ከማሳው አልተመለሰም። «ሻይ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ይበሉ፣ መጣሁ» ብሎ በስልክ ነገረኝ። ከመንገዱ ዳር ያለው ሻይ ቤት ገብቼ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሻይና ፓስቲ አዘዝኩ። ማዳበሪያውን ከእግሬ ሥር አደረግሁት። በመሀከለኛው ጠረጴዛ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ አንድ ጋቢ የለበሱ ገበሬ፣ አንድ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር፣ የኔታ። አንዳቸውም አያውቁኝም።

ሹፌሩ «ረጅሙን አባ ጽና ወሰደው አሉ» አለ።

ባለ ጋቢው ሻዩን አስቀመጡ። «ማን?»

«አባ ጽና። የማርቆሱ።»

«በስመ አብ በል! አባ ጽና የተቀበረው ክረምት ነው። ቀብሩ ላይ ደርሼ ነው የተመለስኩ። በእጄ አፈር አልብሻለሁ!»

«እኔ ደግሞ በስልኬ ላይ በዓይኔ ሲጋልብ አይቻለሁ እልዎታለሁ!»

«የሞተ ሰው?»

«ኧረ ፈረሱ! ፈረሱን ነው የምልዎ፣ አያ!»

«ታዲያ ፈረሱ አባ ነው እንዴ? ፈረሱ ጽና፣ ሰውየው አባ ጽና። ፈረሱን በፈረሱ ስም፣ ሰውን በሰው ስም ጥራ! አስደነገጥከኝ እኮ!»

የሻይ ቤቷ ባለቤት ሳይቀር ሳቀች። እኔ ሻዬ ውስጥ ስኳር ማማሰል ቀጠልኩ። ሳልስቅ የቀረሁ አይመስለኝም።

ሹፌሩ ስልኩን አወጣ። አንድ ሰው የቀረጸውን ምስል አሳያቸው። ከተቀመጥኩበት ድምፁ ብቻ ነበር የሚሰማኝ፤ «ጽና! ጽና!» የሚለው ጩኸት። የኔታ መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ።

«አሁን ይኸውልዎ፣ ካቡ ጋ ደረሰ… አሁን…»

«ሰማይ ነው እኮ የሚታየው!» አሉ ባለ ጋቢው።

«ቀራጺው ራሱ ዘለለ መሰለኝ» አሉ የኔታ።

ክርክሩ የተነሳው ከዚህ ነው። ባለ ጋቢው የጉራቻው ወገን ናቸው፤ የሚስታቸው ዘመድ ፈረስ ነው አሉ። እንደሳቸው አነጋገር ጽና ካቡን አልዘለለም። ካቡ አንድ ቦታ ላይ ከብት አፍርሶት ክፍተት አለ፤ በዚያ ሾልኳል። ጉራቻው ግን ሁሉንም ዘሏል፤ ስለዚህ ረጅሙ የጉራቻው ነው።

«አያ፣ ጉራቻው እኮ ዳገቱ ላይ ቆሞ ሣር ሊግጥ ምንም አልቀረው!» አለ ሹፌሩ።

«ደክሞት ቢቆምስ? ሰው ሲደክመው አይቆምም? ዋናው በሕጉ መሄዱ ነው። ያንተ ሽማግሌ ፈረስ እንደ ሌባ በቀዳዳ ገባ።»

«ኮርቻው ለምን ተንጋደደ ታዲያ? በክፍተት የሾለከ ፈረስ ኮርቻው ይንጋደዳል?»

«ባጃጅ ነጂ ነው የተቀመጠበት፤ ሲታጠፍ ያጋደለ መስሎት ይሆናል!»

የኔታ እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኟቸው። «ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አባ ጽና ከሞተ ፈረሱ አሁን የማን ነው?»

«የወንድሙ ነው የሚሆን» አሉ ባለ ጋቢው። «ወንድሙ እኮ እዚሁ ነው ያለ። ስሙንም እሱ ይወርሳል፤ አባ ጽና ይባላል። ዋርሳ ማለት ምን ማለት ነው? ወራሽ ማለት ነው።»

«ሚስት አልነበረችውም?»

«አለች ይባላል። ግን ምን ታደርግበታለች? እየጋለበች ማኅበር ትሄድበታለች?»

ሹፌሩ ሳቀ። «ጋሪ ላይ እንዳይገባ ብቻ። እንዲህ ያለ ፈረስ ጋሪ ሲጎትት ካየሁ ይቺን መንገድ አልነዳም።»

የኔታ አልሳቁም። «ጭቃ ላይ ያቆመው ሰው ሲሞት፣ ፈረሱ የት እንደሚቆም መጠየቅ ነበረበት» አሉ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል። የፈረሱን አወላለድ ለካ አገር ሁሉ ያውቀው ነበር።

ፓስቲዬን አልጨረስኩም። ፈረሱን መስጠት ተገቢ ነው ብዬ ስመጣ፣ ነገሩ ለእኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዋርሳዬ ጋሪ ላይ እንደማያስገባው አውቃለሁ፤ ደግ ሰው ነው። ግን ቤቱ ጠባብ ነው፤ ፈረሱ መንገድ ዳር ታስሮ ሊውል ነው። እኔም ከዚያ በኋላ ጠዋት ስነሳ ደጁን ለምን እንደምከፍት አላውቅም። ይህን ደግሞ ለማን ይሉታል?

በዚህ መሀል ዋርሳዬ በሩ ላይ ደረሰ። ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እግሩ አቧራ ለብሶ ነበር። ገና ሳያየኝ ባለ ጋቢው ከወንበራቸው ተነስተው በታላቅ ድምፅ፣

«ኧረ እንኳን ደስ ያለህ፣ አባ ጽና!» አሉት።

ዋርሳዬ ወደ ኋላው ዞረ።

በሩን፣ መንገዱን አየ። ወንድሙን ነበር የሚፈልገው። አንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ግን ሁላችንም አየነው። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። ባለ ጋቢው ያደረጉት ሲገባቸው ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውንም ሰብሰብ አደረጉ።

«እኔን ነው?» አለ ዋርሳዬ በቀስታ።

 ያኔ አየኝና «እትዬ» ብሎ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዓይኑ ማዳበሪያው ላይ ሄደ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ማዳበሪያውን ፈታሁት። ግላሱን አወጣለሁ ብዬ ነበር እጄን የሰደድኩት። እጄ ላይ የወጣው ግን ጠፍሩ ነው። የተበጠሰውን ወገን ወደ ላይ አድርጌ መሀከለኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ከባለ ጋቢው ሻይ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ይህ የፈረሴ ጠፍር ነው» አልኩ። «ካቡን ሲዘል ነው የለቀቀው። ቆሜ አይቻለሁ።»

«ፈረሴ» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ እኔንም ገረመኝ። ጠፍሩን ለማስረዳት ነበር አፌን የከፈትኩት።

ሹፌሩ ጠረጴዛውን መታ። «አላልኩም! አላልኩም!» ባለ ጋቢው ጠፍሩን አንስተው አገላብጠው አዩት፣ በጣታቸውም ጎተቱት። ፈረስ የሚያውቁ ሰው ናቸው። «ዘሏል» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ዘሎ እንጂ ተራምዶ አይበጥሰውም። ይቅር ይበሉኝ እማማ፤ ስለ ማኅበሩም።»

«በማኅበርም ቀን አልጋልበውም» አልኳቸው። «ይረግጠኛል።»

የኔታ ግን እኔን ሳይሆን ዋርሳዬን ነበር የሚያዩት። «አንተ ለቅሶ ላይ ነበርክ?» አሉት።

«ወንድሜ አይደል፣ የኔታ? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።»

«ሰዉ እሷን ምን ይላት ነበር?»

«ምን ይላታል? ‘እግዚአብሔር ያጽናሽ’ ነዋ።»

«እስቲ ቃሉን ክፈለው» አሉ የኔታ። ሳይጠብቁትም ራሳቸው በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ የሚጽፉ ይመስል እያሰመሩ፣ ድምፃቸውን እንደ ቅኔ ተማሪ ዝቅ አድርገው ከፋፈሉት። «ያ… ጽናሽ። ያ ፈረስ፣ ጽናሽ። ሰሙ ማጽናናት ነው፣ ወርቁ ርስት ነው። ክረምቱን ሁሉ አገር እየመጣ ‘ያ ጽናሽ፣ ያ ጽናሽ’ ሲላት ከርሞ፣ አንተ ቆመህ ‘አሜን’ ስትል ከርመህ፣ ዛሬ የማን ነው ብሎ ክርክር የት ይገኛል?»

ሹፌሩ አፉን ይዞ ሳቀ። ባለ ጋቢው «ወይ የኔታ! ወይ የኔታ!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ጋጣው ላይ አንገቱን የሚያወጣው ፈረስ ነበር ትዝ ያለኝ። ከእኔ ሌላ ያንን ቃል ከፍሎ የሰማ እሱ ነበር ማለት ነው።

ዋርሳዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። 

«እትዬ፣ እኔ ፈረሱን ፈልጌ አይደለም» አለኝ። «ስሙ እንዳይጠፋ ነበር። ማንም አባ ጽና ሳይል ዓመት እንዳያልፍ። አሁን ሲጠሩኝ ግን…» አልጨረሰውም። ዱላውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረገ።

«ገብቶኛል» አልኩት።

«ጉልበትዎስ? ገብሱን፣ ውኃውን ማን ያቀርባል?»

«ባጃጅ ነጂው ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ካልመጣም እኔ አለሁ። በቀስታ አደርሳለሁ።»

«የእሷ ስም ደግሞ ማን ይሁን?» አለ ሹፌሩ ጨዋታው እንዳያልቅበት። «አባ አይባል!»

«እማ ጽና ነዋ!» አሉ ባለ ጋቢው ቀደም ብለው። የተሳሳቱትን ለመካስ የቸኮሉ ይመስሉ ነበር። ወደ እኔ ዞረው ጎንበስ አሉ። «እማ ጽና፣ ሻይ ይጨመርልዎ?»

«በቃኝ፣ ይስጥልኝ» አልኩ። ግን ሻዩ ተጨመረ፤ ጠጣሁትም።

ዋርሳዬ ግላሱን ከማዳበሪያው አውጥቶ አየው፣ አቧራውን በእጁ መዳፍ አበሰ፣ መልሶ አጣጥፎ ጠቀለለው። ልጓሙንም ከላይ አስገባ። ጠፍሩን ግን አልመለሰም። እጁ ላይ ጠቅልሎ ያዘው።

«ይህ እኔ ጋ ይቅር» አለ። «አምበር ከተማ አንድ ቆዳ ሠሪ አለ፤ ድርብ አድርጎ ይሰፋዋል። እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ለከርሞ ካቡን በዚህ ጠፍር አይዘልም።»

«ለከርሞ?» አሉ ባለ ጋቢው። «ይህ ሽማግሌ ፈረስ ለከርሞ ሊሮጥ ነው? ጉራቻው እኮ ገና ያድጋል!»

«ይደግ» አለ ዋርሳዬ። ያን ቀን መጀመሪያ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «ዳገቱ ግን ያው ነው።»

ሚኒባሱ ድረስ ማዳበሪያውን ተሸክሞ አደረሰኝ። ረዳቱን «ጭናቸው ላይ ነው የሚይዙት፣ ጣሪያ ላይ እንዳታወጣው» ብሎ አዘዘው። መንገዱን ሁሉ የታጨደውን ማሳ እያየሁ ሄድኩ።

ደብረ ማርቆስ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ጎረቤቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ዕቃውን ይዤ ስመለስ አይታ ደነገጠች። ያልተቀበለኝ መስሏት ይሁን አላውቅም፤ ምክንያቱን አልጠየቀችኝም። እንደ ልማዷ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ።

ፈረሱ ከጋጣው አንገቱን አወጣ። ጆሮውን ቀሰረ።

«አሜን» አልኩና ገብሱን ላመጣለት ገባሁ።